የተደፈኑት ቀዳዳዎች

በጥገና ክፍላችን «ወይዘሮ ፀጥታ» ይሉኛል። አዲስ የሚቀጠሩት የጥበቃ ኃላፊ እየመሰልኳቸው መታወቂያቸውን ያሳዩኛል። ሥራዬ ግን የአውሮፕላን ሞተር ድምፅ መቀነስ ነው።

አንድ ጠዋት ለጥገና የገባ አውሮፕላን የግራ ሞተር አፍ ውስጠኛ ሽፋኑን በመዳፌ ዳሰስኩት። ልሙጥ ሆኗል። ሽፋኑ በመርፌ የተበሱ የሚመስሉ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይገባ ነበር።

«አየሽው አይደል? መስታወት አስመስዬልሻለሁ!» አሉኝ ቀለም ቀቢያችን ጋሽ ብሩሽ። የባለቤቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ቀዳዳዎቹስ?»

«ደፈንኳቸዋ! አንድ በአንድ። ሁለት ቀን ሙሉ ወገቤ ተቆረጠ።»

«ማን ድፈኑ አለዎት?»

«አንቺ ነሻ!» ከደረት ኪሳቸው የሥራ ትእዛዙን አውጥተው ዘረጉልኝ። በገዛ እጄ ጽሑፍ «የሽፋኑ ቀዳዳ ይደፈን» ይላል። እኔ ያልኩት ወፍ ገጭታ የበሳችውን፣ አውራ ጣት የሚያስገባውን አንዱን ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ደረሰ። ከቀኑ በስምንት ሰዓት የድምፅ ልኬት አለ፤ ሞተሩ ካላለፈ አውሮፕላኑ አይበርም።

«ማን ነው ያበላሸው?»

ጋሽ ብሩሽ አንድ ማስጠንቀቂያ አለባቸው፤ ሁለተኛው ከሥራ ያስወጣቸዋል። ጡረታ ሊወጡ ደግሞ አምስት ወር ነው የቀራቸው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ አልጻፍኩም።»

«የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በአንቺ ስም ይወጣል እኮ።»

«ይውጣ።»

ኃላፊው ሽፋኑን አየት አደረገና «ለማንኛውም እንዲሁ ይለካ» አለ። «የሞተሩ ጅራት እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣው ለምን ሆነና? ድምፁን እሱ ይዋጠው።»

«ጥርሱ ለኋላው ነው። ትኩሱ አየር ከቀዝቃዛው ጋር በድንገት ሳይጋጭ እንዲዋሃድ ያደርጋል፣ ጩኸቱም ይለዝባል። የማራገቢያው ፉጨት ግን በፊት በኩልም ይወጣል። እሱን የሚይዙት ቀዳዳዎቹ ናቸው። ድምፁ በነሱ ይገባና ከሥር እንደ ማር እንጀራ በተደረደሩት ክፍሎች ውስጥ ይደክማል። በሩን ዘግተንበት የት ይግባ?»

ባለቤቴ በድሮዎቹ ሞተሮች ሥር ሃያ ዓመት ሠርቷል። በመጨረሻ ጆሮው ደክሞ ከኋላው ስጠራው አይዞርም ነበር። በቀዳዳዎቹ አልደራደርም።

«ከመጋዘን ትርፉን ሽፋን አውጡልኝ» አልኩ። «እስከ ሰባት ተኩል ይገጠማል።»

«ካልደረሰስ?»

«ይደርሳል።»

ጋሽ ብሩሽ ብሩሻቸውን አስቀምጠው መፍቻ አነሱ።

«ይርዱን ጋሼ፣ ብቻ እባክዎ አያሳምሩት!» ስላቸው ሜካኒኮቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸውም እየሳቁ የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመሩ።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ የመጨረሻው ብሎን ጠበቀ። በስምንት ሰዓት ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን አወጣ። ዓይኔን ጨፍኜ ፉጨቱን ፈለግኩት። የተሰማኝ ዝቅ ያለ፣ ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ነው።

«ከገደቡ በሦስት ዴሲቤል ዝቅ ብሏል፤ አልፏል» አለ ልኬቱን የያዘው መርማሪ።

ሲመሽ ጋሽ ብሩሽ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሄጄ ለኃላፊው ልንገረው።»

«ደብዳቤውን ፈርሜበታለሁ ጋሼ፣ አልቋል። ይልቅ ቁጭ ይበሉና ቀዳዳዎቹ ምን እንደሚሠሩ በሥዕል ላሳይዎት።»

«ለአምስት ወር ብዬ ልማር?»

«በአምስት ወር ስንት ሞተር ይቀባሉ?»

ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «አሥራ ሁለት» አሉና ወንበሩን ሳቡት።