የሶላር ዳስ

ጋሽ አባይነህ ጠዋት በረንዳ ሲወጡ ግቢው በአሮጌ ሶላር ተሞልቶ ጠበቃቸው። ውቤ በረሃ ውስጥ፣ ከጎረቤት ጋር በሚጋሩት ግቢ የሚኖሩ ጡረተኛ አናጢ ናቸው። የልጃቸው የፀደንያ ሰርግ ደግሞ የፊታችን እሑድ ነው።

«ሳሊሀ! ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

ፒያሳ ሬዲዮና ሶላር የምትጠግነው ጎረቤታቸው ሳሊሀ እጇን እየጠረገች ወጣች። «ጋሽዬ፣ አምስት ኪሎ አንድ ትምህርት ቤት ከጣሪያው አውርዶ ሊጥላቸው ሲል ደረስኩ። አርጅተዋል እንጂ ሁሉም አልሞቱም። ወላሂ፣ ከሰርጉ በፊት አነሳቸዋለሁ።»

«ልጄን የምድረው የቁራሌው ግቢ ውስጥ ነው እንዴ?» ብለው ተኮሳትረው ገቡ።

ሳሊሀ ሶላሮቹን ፀሐይ ላይ እያዞረች በቴስተር ለካች። ነፍስ ያላቸውን በአንድ በኩል፣ የሞቱትን በሌላ በኩል ደረደረች። የተሰባበሩት ውስጣቸው እርሳስ ስላለ ሜዳ አይጣሉም ብላ፣ የሚያስወግዳቸው ድርጅት እስኪወስዳቸው በማዳበሪያ ጠቅልላ ለብቻ አስቀመጠች።

ጋሽ አባይነህ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው አላስቻላቸውም። ወጥተው ከሞቱት አንዱን በጣታቸው ኳኳ አደረጉት። መስተዋቱ ጠንካራ፣ ጠርዙ አሉሚኒየም፣ ማዕዘኑ የተስተካከለ። እጃቸውን ቶሎ አላነሱም።

ዓርብ ዕለት ድንኳን አከራዩ ደወለ፤ ለሰርጉ የያዙት ድንኳን በነፋስ ተቀዷል። የግንቦት ሰማይ ጠቁሯል። ባለቤታቸው ወይዘሮ እፀገነት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ ጉድ ፈላ! እንግዳውን የት እናስቀምጠው?»

ጋሽ አባይነህ አጎንብሰው ከአልጋው ሥር የመሣሪያ ሣጥናቸውን ጎትተው አወጡ።

«ሳሊሀ፣ የሞቱትን ስጪኝ። ዳስ እጥላለሁ።»

«በሶላር?»

«ድሮ ዳስ የሚጣለው በቅጠል ነበር። ቅጠልስ ቢሆን ፀሐይ ሲጠጣ የኖረ አይደል? ምን ለያቸው?»

ሳሊሀ ሳቋ አመለጣት።

ቅዳሜ ግቢው በመዶሻ ድምፅ ደመቀ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተከለ፤ ሳሊሀ ጠርዞቹን በብሎን አያያዘች፤ ክፍተቱን በሲሊኮን ደፈኑ። ነፍስ ያላቸውን ፀሐይ በሚያገኘው ዳር አድርጋ ከባትሪ ጋር አገናኘቻቸው። ጋሽ አባይነህ ለወራት ሲያማርሩበት የነበረው ጉልበታቸው መኖሩም መሰላል ላይ ሲወጡ ተረሳቸው። «ከፍ! ወደኔ! ቀስ!» እያሉ ሰፈሩን ያዛሉ።

እሑድ ሰርገኛው ምሳ ሲጀምር ዝናቡ ወረደ። እንግዳው ሳህኑን ይዞ ብድግ አለ፤ ግን የሚያርፍበት ጠብታ ስላጣ እየተሳሳቀ ተመልሶ ተቀመጠ። ያፈሰሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የሙሽራው አጎት ራሰ በራ ላይ። ሰውየው መላጣቸውን እያበሱ «ተመረቅሁ!» ሲሉ ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

ወዲያው የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ዘፈኑ ግን አልተቋረጠም፤ ሳሊሀ ድምፅ ማጉያውን የሰካችበትን ባትሪ ከጠዋት ጀምሮ ስትሞላ ነበር። ፀደንያ ከመቀመጫዋ ተነስታ አባቷን ጎትታ አስጨፈረቻቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሳሊሀን ጎትተው አስገቡ። እልልታው የዝናቡን ድምፅ ዋጠው።

ሰኞ ጋሽ አባይነህና ሳሊሀ ዳሱን ሊያፈርሱ መሰላል ሲያቆሙ ወይዘሮ እፀገነት ፊታቸው ቆሙ። «ማን ነክቶት! ልብሴን የማሰጣበት እሱ ሥር ነው።»

በሳምንቱ ሳሊሀ በራቸውን አንኳኳች። «ጋሽዬ፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ አንድ ክሊኒክ አሮጌ ሶላሩን ሊያወርድ ነው። ሊያዩት ይመጣሉ?»

ጋሽ አባይነህ ሜትራቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ኮታቸውን ደርበው ቀድመዋት ወጡ። ዳገቱን ሲያያዙት ስለሚቀጥለው ዳስ ጣሪያ ተዳፋት እያወሩ ነበር።