አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያስ?

ባሌ ሃቢብ ደህና ነው። ካላመናችሁ ራሱን ጠይቁት። ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠውም፣ ጥርሱ ሲነቀልም መልሱ አንድ ነው፤ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።" ወሎ ያሳደጉት አባቱም እንዲሁ ነበሩ። ደህና ነኝ እያሉ ነው የሞቱት።

ባለፈው ጥር ከምንኖርበት ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ኦቤትስ ካለው መጋዘን ከሥራ ሲመለስ፣ 270 ሀይዌይ ላይ አንድ ትልቅ ትራክ በበረዶው ተንሸራቶ ገጨው። መኪናችን እንዳልነበረች ሆነች፤ እሱ ግን ጭረት እንኳ ሳይነካው ወጣ። ሰው ሁሉ "እንኳን አላህ አተረፈህ" እያለ ቤታችንን ሞላው። እሱም አልሐምዱሊላህ አለ። ከዚያ ወዲያ ግን ሀይዌይ የሚባል ነገር አልረገጠም። ሌሊት አይተኛም። ሥራ የሚሄደው በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ነው። ከሁሉ የከፋብኝ ዝምታው ነው። ሃቢብ እኮ ሰርግ ላይ የተቀመጠበት ጠረጴዛ በሳቅ የሚፈርስለት ሰው ነበር!

ልጃችን አሚራ ነሐሴ ላይ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ያን ቀን በገዛ እጁ ነድቶ ሊያደርሳት ገና ሕፃን ሳለች ቃል ገብቶላታል። ሲንሲናቲ ደግሞ ያለ ሀይዌይ አይደረስም። "ኢትስ ኦኬ ማሚ፣ በባስ እሄዳለሁ" ስትለኝ አንጀቴን በላችው። እሱ በሰማ ጊዜ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ዎርዝንግተን የሚባል ሰፈር አንድ ጥሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዳለ የሥራ ባልደረባዬ ነገረችኝ። ክሊኒኩ ያለ ሐኪም ሪፈራል ሰው አይቀበልም፤ ሪፈራሉ ካለ ግን ወጪውን ሜዲኬድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ይሸፍናል። እንግዲህ የጎደለው የቤተሰብ ሐኪማችን ፊርማ ብቻ ነው። ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ ጠየቀችው።

"እንቅልፍዎ እንዴት ነው?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ከአደጋው በኋላ የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።"

እኔ ጣልቃ ልገባ ስል ሐኪሟ በትህትና እጇን አነሳች፤ ከራሱ አፍ መስማት አለባት። ደም ግፊቱን ለካችና በፈገግታ ሸኘችን።

ፓርኪንጉ ላይ ፈነዳሁ። "ሰውዬ! ሐኪም ፊትም ደህና ነህ?"

"ሲቲ፣" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ከዚያ ብረት ውስጥ አላህ በሕይወት አወጣኝ። አሁን ከፋኝ ብል ውለታ ቢስ አልሆንም?"

ለካስ ይሄ ሰው ሲደብቀኝ አልነበረም፤ ከጌታው ጋር አደብ መያዙ ነው። እስከ ቤት ድረስ ሳሰላስል ቆየሁና ሰሃን እያጠብኩ ድንገት በራልኝ። እጄን ሳላደርቅ ሮጥኩ።

"ምስጋናህን ማን ቀማህ? አመስግን! ስትጨርስ እኔ 'ከዚያስ?' እልሃለሁ፣ ቀሪውን ትናገራለህ። አላህ የራሱን ከወሰደ በኋላ ሐኪሟ የሷን ብትወስድ ምን አለበት?"

ለእርጥብ እጄ ፎጣ አቀበለኝ። እሺም እምቢም አላለም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ ያንኑ ጠየቀች። "አልሐምዱሊላህ" አለና አቀረቀረ። በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

"ከዚያስ?"

"አልሐምዱሊላህ... እንቅልፍ የለኝም።"

"ከዚያስ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ትራክ ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል። አልሐምዱሊላህ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ።"

ይህንን እኔም አላውቅም ነበር። ክርኔን ሰበሰብኩና እጁን ያዝኩት።

ስልኩ ላይ ያለችው አስተርጓሚ ቢታንያ ነኝ ያለች ልጅ ነች። አንድም አልሐምዱሊላህ ሳታስቀር ተረጎመች። መጨረሻ ላይ ግን "አይዞዎት ጋሼ" አለች። ሐኪሟ ምን እንዳለች ጠየቀቻት። ቢታንያም በእንግሊዝኛ "ይቅርታ፣ ይሄኛው የራሴ ነው" ስትል ሐኪሟ ሳቀች፣ እኔ ሳቅኩ፣ ሃቢብም ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። ከጥር ወዲህ ሳቁን ስሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ሪፈራሉን እዚያው ተቀምጠን ሳለ ጻፈችልን።

ዎርዝንግተን ያለው ባለሙያ ቸኩሎ አላስቸኮለውም። መጀመሪያ ስለ ሀይዌዩ ማውራት ብቻ፤ ቀጥሎ አንድ መግቢያ ገብቶ በሚቀጥለው መውጣት። አንድ ማታ እራት ላይ ስለ መጋዘኑ አለቃ አንድ ቀልድ ጣል ሲያደርግ እኔና አሚራ ተያየን። ደስታዬን የት ላድርሰው!

ነሐሴ ላይ መሪውን ራሱ ያዘ። የአሚራ ፍራሽና ጓዝ ከኋላ ተጭኗል። ሀይዌዩ ላይ አንድ ትራክ ሲያልፈን አሚራ "ባባ፣ ዩ ኦኬ?" አለችው።

"አልሐምዱሊላህ። እጄ ላብ በላብ ሆኗል፤ ግን አደርስሻለሁ።"

አደረሳትም። በር ላይ አንገቱን አቅፋ አልለቅም አለች፣ እኛም አልቸኮልንም።

ስንመለስ ሁለታችን ብቻ ሆንን። ኮሎምበስ ስንቃረብ "አንቺስ ሲቲ፣ እንዴት ነሽ?" አለኝ።

"እኔማ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" አልኩ ፈጥኜ።

ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ "ከዚያስ?" አለኝ።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። "አልሐምዱሊላህ፣ ከጥር ጀምሬ ፈርቻለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር የአንተን መርዶ የሚነግሩኝ ይመስለኛል። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ጉልበቴን መታ መታ አደረገና፣ "በይ እንግዲህ፣ ላንቺም ሪፈራል እናስጽፍልሻለን" አለ።

ከእንባዬ ጋር ሳቅ አመለጠኝ፤ እሱም ተከተለኝ። እንደዚያ እየሳቅን አደጋው የደረሰበት 270 ሀይዌይ ላይ ወጣን።