የመስታወቱ በርና የድርቤ ደም

የላብራቶሪያችን በር እስካለፈው ወር ድረስ የእንጨት ነበር። ጥበቃው ኦቦ ጨመዳ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍቱትና ሥሩ ድንጋይ ያስደግፉበታል፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ድንጋዩን ያነሣሉ። በሰባት ዓመት ሥራዬ በዚያ በር ምክንያት የዘገየ ናሙና አላየሁም።

ከዚያ የክሊኒኩ ባለቤት አውቶማቲክ የመስታወት በር አስገጠሙ። እንቅስቃሴ ሲያይ ይከፈታል፣ አራት ሰከንድ ይቆያል፣ ይዘጋል። ለክቼዋለሁ። ነቀምት ላይ ግን በአራት ሰከንድ በር የሚያልፍ ጨዋ ሰው የለም፤ መጀመሪያ ማን እንደሚቀድም መለማመን አለ።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ከኡኬ የመጣች የሦስት ዓመት ልጅ፣ ድርቤ፣ በግቢው ማዶ ባለው የሕፃናት ክፍል ደም ተቀዳላት። ደም ሥሯ የተገኘው በአራተኛው መርፌ ነው። ደሙ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ላብራቶሪ ያለው መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካለፈ ይደፋና ልጅቷ እንደገና ትወጋለች። የጠፋው ካርዷ እስኪገኝ ሃያ ደቂቃ አለቀ። ብልቃጡን ይዤ ሮጥኩ።

በሩ ፊት ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንዱ የድርቤ አያት ኦቦ ደረሳ ናቸው፤ መርፌውን ማየት አቅቷቸው ውጤቱን እዚህ ሊጠብቁ ወጥተው ነበር። ሌላው ጡረተኛው መምህር አቶ ገብረክርስቶስ።

“ሴና ማሎ፣ ይግቡ እባክዎ፣” አሉ ኦቦ ደረሳ። በሩ ተከፈተ።

“ኧረ እርስዎ እያሉ! በዕድሜ ይበልጡኛል።”

“በሁለት ዓመት?”

“ሁለት ዓመትም ዓመት ነው።” በሩ ተዘጋ።

እጅ ሲዘረጋ ይከፈታል፤ መልስ ሲጠበቅ ይዘጋል። ቆሞ የሚያከብር ሰው አይታየውም።

“ልጆቼን ያስተማሩትን ሰው ልቅደም?”

ኦቦ ጨመዳ ከወንበራቸው ሆነው በሩ ስንቴ እንደተዘጋ ይቆጥራሉ። “አምስተኛው ነው፣ አባቶች! ይህ ዕቃ ይሉኝታ አያውቅም።”

ሌላ መግቢያ የለም። ሁለት ሽማግሌ ገፍቶ ማለፍም አላደግሁበትም። ሰዓቴ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ይላል። ይሄኔ ኦቦ ደረሳ ዞር ብለው አዩኝ።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ግቢ እንጂ!”

“እርስዎ ይቅደሙ፣” አልኩ። አፌ ነው ያለው። በሩ ተዘጋ።

በራሴ ተናድጄ ብልቃጡን ወደ ላይ አነሣሁ። “ኦቦ ደረሳ፣ ይህ የድርቤ ደም ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ ካልገባ አምስተኛ መርፌ አለባት።”

ሽማግሌው ወደ በሩ ተራመዱና ሲከፈት መሐሉ ላይ ተገትረው ቆሙ፤ ለአንዱ መስታወት ጀርባቸውን፣ ለሌላው ከዘራቸውን ሰጡት። በሩ ሊዘጋ መጣ፣ ነካቸው፣ ተመለሰ።

“እለፊ! ድንጋዩ እኔ ነኝ።”

አቶ ገብረክርስቶስ ከኋላዬ፣ “ይኸው፣ ቀደሙኝ!” ሲሉ ሰማኋቸው።

ደሙ መሣሪያው ውስጥ የገባው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ ላይ ነው፤ በሃያ ዘጠነኛው ደቂቃ።