ድባቡ እስኪዘረጋ

እምነት የልብ ፈቃድ ናት የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ የማስረጃ ምርኮኛ ናት የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ በገዛ ልጃቸው ላይ ለፍርድ ተቀምጠው አያውቁም፤ ቢያውቁማ ኖሮ እንዲህ አፋቸውን ሞልተው ባልተናገሩ ነበር።

የቅኔው መምህር መሪጌታ ላእከ ማርያም፣ ቃል መርማሪና ነገር አመስጣሪ የነበሩ እኒያ ጽኑዕ አረጋዊ፣ የደብራቸው የብር ጸናጽል በጥምቀት ማግስት በጠፋ ጊዜ፣ ከዚያው ጸናጽል የወለቀች አንዲት ክብ ብር ከልጃቸው ከአምኃ ጋቢ እጥፋት ስትወድቅ በገዛ ዓይናቸው አዩ። አገሩ ለአውጫጭ ተሰበሰበ፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ አውድማው አይመለስም ተባለ። መሪጌታም ያዩትን መሸሸግ አልሆነላቸውምና ተናገሩ። አምኃ ከእግራቸው ወድቆ፣ "አባባ፣ እንዴት እንደ ገባች አላውቅም፤ እርስዎ ብቻ ይመኑኝ" አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ራሩ። "መሪጌታ፣ በልጅዎ ንጽሕና አምናለሁ ብለው ይማሉልን፤ እንለቀዋለን፤ አለዚያ ካገር ይወጣል" ብለው ሦስት ቀን ሰጧቸው። ወይ ፍርጃ! እህል ሳይቀምሱ፣ ልባቸውን አንዴ በልመና አንዴ በቁጣ "እመን!" እያሉ ሲታገሉት ሰነበቱ፤ ልብ ግን እንደ ለገመ በቅሎ ከቆመበት ንቅንቅ አልል አለ፤ አምናለሁ ባሉ ቁጥር ያቺ የተረገመች ክብ ብር ከዓይናቸው ሥር ትንከባለላለች። በሦስተኛው ቀን ከሸንጎው መካከል ቆመው፣ "ማመኑን ፈለግሁት፤ እርሱ አልፈለገኝም። በሐሰት አልምልም" አሉ። አምኃም አገር ለቆ ወጣ።

በዓመቱ ጥምቀት ደረሰ። ከዓመት ዓመት ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ታላቁ ድባብ ለታቦቱ ክብር ሲዘረጋ፣ የብር ጸናጽል ከእጥፋቱ ዱብ ብሎ በካህናቱ እግር ሥር ተንሿሿ፤ ለካ አምና ንዋያተ ቅድሳቱን ሲሰበስቡ በጥድፊያ አብረው ጠቅልለውት ኖሯል! ክብ ብሯም በወረቡ ግለት ወልቃ፣ ከጸናጽል ያዡ አጠገብ ቆሞ ይዘምር ከነበረው ከአምኃ ጋቢ ተሸጉጣ ኖሯል።

መሪጌታ በዓሉን ጥለው፣ በእርጅና ጉልበታቸው ቆላ ወርደው፣ ልጃቸውን ከሰው አውድማ ላይ እህል ሲያዘራ አገኙት። "ልጄ፣ ጸናጽሉ ተገኘ! አመንሁህ፤ በፍጹም ልቤ አመንሁህ!" እያሉ ካንገቱ ተጠመጠሙ።

አምኃ መንሹን ከእጁ ሳያኖር፣ "አባባ፣ አሁንማ ከሳሾቼም አምነዋል" አለ።

መሪጌታ፣ ያ ሁሉ ምሥጢር የተፈታላቸው ሊቅ፣ ክንዳቸውን ካንገቱ አወረዱ፤ ማስረጃን ተከትላ የመጣች እምነት ለዳኛ በሰዓቷ ትደርሳለች፤ ለልጅ ግን ምንጊዜም ዘግይታ ናት።