የድመቷ ቀይ ክር

«ቆይ፣ እኔ ልውጣ!» ብላ ድመቷ መሰላሉ ላይ ተንጠለጠለች፤ ማንም እሺ ሳይላት።

ድመቷ ብለው ስም ያወጡላት ገበሬዎቹ ናቸው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎተራ ለጎተራ እየዞረች አይጥ ስታጠፋ ኖራለች፤ ሥራውን ያስተማራት የለም። ባሏ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሷ ነው። ዘንድሮ ግን አዲስ ደንብ መጣ፤ ሠልጥኖ ወረቀት ያልያዘ መርዝ አይሸጥለትም። ወረቀቱ የሚሰጠው ዛሬ ከሰዓት ሲሆን የመጨረሻው ልምምድ የሚደረገው ደግሞ እሷው ባለፈው ሳምንት ባጸዳችው ጎተራ ነው። ጠዋት ይህን ስትሰማ መሬት አልበቃት ብሎ ነበር።

«አይጥ ፍለጋ ከሆነ ለእኔ ተዉት» አለች ከላይ። «እኔ የረገጥኩት ቤት ዘር አይተርፍም።»

«አንቺ የረገጥሽው ቤትማ ባለቤቱም ከመርዝሽ የተነሣ ሲያስነጥስ ይከርማል» አለ ወጥመዱ። ወጥመዱ የሚሉት ከወጥመድ በቀር ሌላ የማይነካ፣ አብሯት የሚሠለጥን ሽማግሌ ነው።

ሠልጣኞቹ ሁሉ ሳቁ። ወጣቱ አሠልጣኝ ብቻ ፊቱን አልፈታም። «አይጥ አይደለም እህቴ። ጥጉ ላይ የጉጉት ጎጆ አለ ብለውኛል። ጫጩቶቹን ቁጠሪልኝ።»

«ሌሊቱን ሲንጫጩ ያድሩ ነበር» አሉ ባለ እርሻዋ እማማ። «ሰሞኑን ግን ጭጭ አሉብኝ።»

ድመቷ እጇን ሰደደች። ለስላሳ ነገር ነካች። ቀዝቃዛ ነበር።

አራቱንም አንድ በአንድ አወረደቻቸው፤ እናቲቱንና ሦስት ጫጩቶቿን። አሠልጣኙ ጆንያ አንጥፎ፣ ጓንቱን አጥልቆ የእናቲቱን ሆድ በምላጭ ከፈተው። ውስጡ ሰማያዊ ነበር። ሰው እህል መስሎት እንዳይበላው መርዙን የሚቀቡት ያ ሰማያዊ።

«መርዝ የበላ አይጥ በልታ ነው» አለ። «ይቺ ከነልጆቿ በዓመት ከሺህ አይጥ በላይ ትጨርስ ነበር። ያለ ምንም ክፍያ።»

ከዚያ ጥፍሯን ፈልቅቆ አሳያቸው። የአይጥ ጭራ፣ ጭራው ላይ ደግሞ የታሰረ ቀይ ክር።

ድመቷ ክው አለች። ክሩ የእሷ ነው። የገደለቻቸውን በጭራቸው እያሰረች፣ ባለቤቱ አይቶ እንዲያምን ጓሮ አጥር ላይ ትደረድራለች። «ገበሬ ያላየውን አያምንም» ትል ነበር እየኮራች። አንዳንዶቹ ሲታሰሩ ገና ይፈራገጡ ነበር። አይታለች። ይሞታሉ ብላ ትታቸው ሄደች። በሁለተኛው ቀን ትምህርት «የሞተውን ሰብስባችሁ ቅበሩ» ሲባልም «ለአይጥም ለቅሶ ልንቀመጥ ነው?» ብላ ክፍሉን ያሳቀችው እሷ ናት።

«ይህን ያደረገ ሰው ወረቀት አያገኝም» አለ አሠልጣኙ። «እማማ፣ እዚህ መርዝ ያኖረው ማን ነው?»

እማማ ድመቷን አዩዋት፤ ከዚያ መሬት መሬቱን።

«እኔ እንጃ ልጄ። አንድ መንገደኛ ነው… መልኩንም ረስቼዋለሁ።»

ወጥመዱ ክሩ ያለበትን የድመቷን የሽርጥ ኪስ ያያል። የባሏ ወገብ፣ የቤቱ መሶብ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ስሟ፣ ሁሉም በአሮጊቷ ውሸት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዝም ብትል ያልፋል። እማማ ግን ለእሷ ሲሉ በዚህ ዕድሜያቸው ዋሹ፤ ማታለል እንኳ የማይችሉበት ሴት።

እጇን ኪሷ ከተተች። የክሩን ጥቅል አወጣችና ጆንያው ላይ፣ ከጉጉቷ ጎን አስቀመጠችው።

«እማማ» አለች ቀና ሳትል፤ «አካፋ ይስጡኝ። አጥሩ ላይ ገና ያልወረዱ አይጦች አሉ።»