የኤልቃና ግራ እጅ

ምሳ ሰዓት ላይ ኤልቃና ማንኪያውን በቀኝ እጁ ያዘ። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይመስለውም ነበር። ጂቱ ግን ልጁን ሰባት ወር ስለያዘችው ግራኝ መሆኑን ታውቃለች። ሙዝም፣ ኳስም፣ የጓደኛውን ፀጉርም የሚይዘው በግራው ነው። አሁን ግራ እጁ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በቀኙ የዛቀው ፍትፍት ደግሞ አፉ ሳይደርስ ደረቱ ላይ ይፈስሳል።

«ኤልቃና፣ ይሄኛው እጅህስ?» ብላ ልትነካው ስትል ልጁ ጮኸ።

ጂቱ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። በየጠዋቱ ከተፍኪ በታክሲ ሰበታ ትመጣና ከጅማው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የሕፃናት ማቆያ ትሠራለች። ልጆቻቸውን የሚያውሉት አብዛኞቹ የፋብሪካና የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። ከሦስት ዓመት በታች ያሉት አሥራ አራቱ ሕፃናት በእሷና በባልደረባዋ በሃዋ እጅ ናቸው። በሥልጠናው ላይ ከሁሉ በላይ የተነገራቸው አንድ ነገር ነበር፦ ልጅ ላይ ጉዳት ካያችሁ በዚያው ሰዓት ለኃላፊ ንገሩ፤ ያያችሁትን ጻፉ።

ስለዚህ ልጁን አቅፋ ወደ ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ኤልሳቤት ቢሮ ሄደች።

«ዛሬ ያየሽው ነገር አለ?» አለቻት ኤልሳቤት።

ጂቱ ጠዋት በሩ ላይ የሆነውን አስታወሰች። የልጁ አባት ካሣዬ ሥራ ረፍዶበት ሲሮጥ ነው የመጣው። ሌሊት ስለዘነበ በሩ ጋ ጭቃ ነበር። ልጁን አንድ እጁን ይዞ አንጠልጥሎ ጭቃውን አሻገረው። ልጁም አልቅሶ ነበር።

«የትኛውን እጁን?»

«ግራውን… ይመስለኛል።»

«‹ይመስለኛል› አይጻፍም። ያየሽውን ጻፊ።»

ጂቱ ብዕሩን ይዛ ትንሽ ቆየች። ልጁ ትከሻዋ ላይ ያለቅሳል። በመጨረሻ «አባቱ ግራ እጁን ጎትቶ ሲያሻግረው አይቻለሁ» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። እናቱ ሚርያም ከፋብሪካ ተጠርታ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ደረሰች። የተቀበሏቸው ኦቦ ዲሪርሳ የሚባሉ ሽበታም የጤና መኮንን ነበሩ። የጂቱን አነጋገር ሰምተው «ማል ታኤ?» ብለው ምን እንደ ሆነ በኦሮምኛ ጠየቋት። እሷም በዚያው መለሰች። ሚርያም የሁለቱን አፍ አፍ ታያለች፤ አንድ ቃል አይገባትም።

«ምንድን ነው የምትባባሉት? ልጄ ምን ሆነ?»

«ይቅርታ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ ወደ አማርኛ ተመልሰው። የልጁን ክርን በአንድ እጃቸው ደግፈው በሌላው ክንዱን ቀስ ብለው አዞሩና አጠፉት። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጁ አንድ ጊዜ ጮኸ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በግራ እጁ የሐኪሙን ብዕር ቀምቶ ያዘ።

«ክርኑ ሸርተት ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ሕፃን በእጁ ተጎትቶ ሲነሣ ይሆናል። ክፋት አያስፈልገውም፤ ሲያጫውቱትም ይሆናል። ሁለተኛ በእጁ አታንሡት። በብብቱ ሥር ነው የሚነሣው።»

«ማን ጎተተው?» አለች ሚርያም።

 ኤልሳቤት ጂቱ የጻፈችበትን መዝገብ ይዛ ስለነበር ዓይኗ ወደዚያ ሄደ፤ የሚርያም ዓይንም ተከተላት።

በማግሥቱ ካሣዬ ተጠራ። ከሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ሮዛ የምትባል ባለሙያም መጣች። ካሣዬ ከወላይታ መጥቶ ሕንፃ ላይ የሚሠራ፣ ቁመቱ በሩን የሚሞላ ሰው ነው። ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። የተጻፈው ተነበበለት።

«ጎትቼዋለሁ» አለ። «ረፍዶብኝ ነበር። አዎ፣ ጎትቼዋለሁ።»

ሁለተኛ እንደማይደግመው ፈርሞ ወጣ። ሲወጣ ጂቱ አጠገብ ቆም ብሎ፣ «ስላየሽው ጌታ ይባርክሽ» አላት። ቁጣ ይሁን ምስጋና አልገባትም።

አራት ሰዓት ሆነ፤ የመክሰስ ሰዓት። ጂቱ ሙዝ እያደለች ወደ ግድግዳው ዞር ስትል ከመስኮቱ በታች የደረቀ የሙዝ እድፍ አየች።

«ሃዋ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የኤልቃና ነዋ። ትናንት ወርውሮት አይደል?»

«ትናንት? ከትናንት ወዲያ አይደለም?»

«ትናንት ነው። ሙዙ ጠቁሮ መጥቶ ጫፍ ጫፉን የቆረጥንለት ቀን።»

ጂቱ ባለችበት ቀረች። ልጁ ከወለሉ ጫፍ እዚህ ድረስ የሚወረውረው በግራ እጁ ብቻ ነው። በቀኙ ከእግሩ አያሳልፍም። እንግዲያ ትናንት አራት ሰዓት ላይ እጁ ደህና ነበር። አባቱ ግን ያመጣው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ልጁን የነካው ማን ነው? እነሱ ሁለቱ ናቸው።

«እኔ ውሃ የነካውን ሹራቡን አውልቄለታለሁ» አለች ሃዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጅጌው ጠቦት ትንሽ ጮኋል። ግን ሹራብ ሲወልቅ ሁሌ ይጮሃል።»

«እኔ እጅ ላስታጥባቸው ስወስዳቸው ግቢው ውስጥ ያለውን የውሃ ቦይ አሻግሬዋለሁ። ትንሿን ላሊሴን አቅፌ ስለነበር እሱን በአንድ እጄ እጁን ይዤ አነሣሁት።»

«በየትኛው እጁ?»

ጂቱ ዓይኗን ጨፈነች። በግራው ሲንጠለጠል ታያት፤ ወዲያው ደግሞ በቀኙ። ሲስቅ ታያት፤ ትንሽ ቆይታ ስታስበው ያለቅሳል። ጠዋት በሩ ላይ ያየችውን ለማስታወስ ሞከረች፤ አሁን ያም እጅ ግራ ይሁን ቀኝ ጠፋባት። ትናንት ፈርማበት የነበረው ነገር ዛሬ ከእጇ ወጣ።

«ስሚኝ» አለች ሃዋ፤ «ልጁ ድኗል። አባትየው ራሱ አምኗል። ዝም ብንል ማን ይጎዳል?»

 ጂቱ ቀኑን ሙሉ ልጆቹን አንድ በአንድ በብብታቸው ሥር እያነሣች ዋለች። ማታ ታክሲ ውስጥ ሆና የራሷን ክርን እየደባበሰች መውረጃዋን ተፍኪን ሳታስተውል አልፋ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ለኤልሳቤት ነገረቻት። ኤልሳቤት በሩን ዘጋች።

«አሁን ምን እያልሽኝ ነው? አባቱ አይደለም?»

«አይደለም።»

«አንቺ ነሽ?»

«ሳልሆን አልቀርም።»

«ሃዋስ?»

«እሷም ልትሆን ትችላለች። አላውቅም።»

«ጂቱ፣ በሰው አባት ላይ ስትጽፊ አውቃለሁ ብለሽ ነበር። አሁን በራስሽ ላይ ሲሆን አታውቂም?»

ይህ ቃል ልቧ ውስጥ ገባ።  ኤልሳቤት ግን እንደዚያ ከተናገረች በኋላ ፊቷ ተለወጠ፤ ምናልባት «‹ይመስለኛል› አይጻፍም» ያለችው ራሷ እንደ ነበረች ትዝ ብሏት ይሆናል። መዝገቡን ገፋ አድርጋ ሰጠቻት።

«የምታውቂውንም የማታውቂውንም ለይተሽ ጻፊ። ሮዛን እኔ እጠራታለሁ።»

እሑድ ጂቱ ከፋብሪካው ጀርባ ወዳለው የኪራይ ግቢ ሄደች። ሚርያምና ካሣዬ ከቸርች ተመልሰው ነበር። ሚርያም ወንበር ሰጠቻት። ካሣዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ኤልቃና ወደ እሱ ሄዶ ሁለት እጁን ሲዘረጋለት አባትየው እጆቹን ከጉልበቱ ሥር ደበቀ።

«ልጁን ከነካው አምስት ቀኑ ነው» አለች ሚርያም። «ላቅፈው አልችልም፣ እሰብረዋለሁ ይላል።»

ጂቱ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። እንደመጣላት ተናገረች፤ ሙዙን፣ ግድግዳውን፣ ሹራቡን፣ ቦዩን። ካሣዬ አቋረጣት።

«ጠዋት ግን ጎትቼዋለሁ።»

«ጎትተውታል። ግን አራት ሰዓት ላይ እጁ ደህና ነበር። እርስዎ አይደሉም።»

«እንግዲያ ማን ነው?»

«እኔ ሳልሆን አልቀርም። እርግጠኛ ብሆን እነግርዎት ነበር። እርግጠኛ ሳልሆን በእርስዎ ላይ ጻፍኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ካሣዬ ተነሣና በሩ ላይ ቆመ። 

«አምስት ቀን» አለ። «የገዛ እጄን እያየሁ ነው የሰነበትኩት። ጸልዩልኝ ብዬ ቸርች ሰው ፊት ቆሜያለሁ። አሁን አይደለህም ትይኛለሽ፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ልቆጣ? እኔ እንጃ።»

ሚርያም ግን የተናገረችው ሌላ ነበር። «እሺ፤ ነገ ሰኞ ነው። ተራዬ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል። ልጄን ለማን ልስጠው?»

 ልጁ የጂቱን ጫማ ፈትቶ ሊያስርላት ይታገል ነበር።

ሮዛ በካሣዬ ስም የተያዘውን መዝገብ አስተካከለች። ጂቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣትና ለሁለት ሳምንት ከሥራ ታገደች። ሃዋ ስለ ሹራቡ ተጠይቃ እውነቱን ተናገረች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጂቱን ቀና ብላ አታያትም። ቦዩ በላሜራ ተሸፈነ። እጁን ማን እንዳወለቀው ማንም በእርግጥ አላወቀም።

ሚርያም ልጁን ጎረቤት ዘንድ ስታውለው ከርማ፣ ጎረቤቲቱ ወደ ቡራዩ ስትዛወር ቸገራት። ጂቱ ከእገዳው በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ካሣዬ ልጁን አቅፎ በሩ ላይ ቆመ።

«ነይ እስቲ» አላት። ልጁን መሬት አቁሞ ሁለቱንም እጅጌ እስከ ትከሻው ሰበሰበ። «እጅህን ወደ ላይ፣ ኤልቃና።» ልጁ ሁለቱንም እጁን አነሣ። «ታያለሽ? ሁለቱም ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ጻፊው።»

ጂቱ ጻፈች። ካሣዬ ጣቱን ቃላቱ ላይ እያስኬደ አነበበና ሥሩ ፈረመ። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገ፤ ከዚያ በኋላም በየጠዋቱ። ሌሎች ወላጆችም እያዩ እጅጌ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ኤልሳቤት ሥርዓት አድርጋው ሌላ መዝገብ ገዛች። ካሣዬ ይህን የሚያደርገው ስላላመናት ይሁን ወይስ እሷንም ራሱንም ለመጠበቅ፣ ጂቱ ብዙ ጊዜ ልትጠይቀው አስባ ተወችው። እሱ ፈርሞ ወደ ሥራው ይሮጣል፤ እሷ ልጁን በብብቱ ሥር አንሥታ ወደ ውስጥ ትገባለች።