ለእትዬ በድሪያ ያነበብኩት ልብ ወለድ

ያን ቅዳሜ እንደ ወትሮዬ በማለዳ ነቃሁ። ሻይ አፈላሁ፤ ዳቦ በማር በላሁ። የሳምንቱን ልብስ ይዤ ምድር ቤት ወረድኩና ላውንድሪ ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ስመለስ ወደ ኤርፖርት የሚሄደው ባቡር በዌስተን ጣቢያ በኩል እያለፈ ነበር። ብርጭቆውን አጠብኩ፣ መነጽሬን ወለወልኩ፣ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ወደ እትዬ በድሪያ ቤት ወጣሁ። ሊፍቱ ስለተበላሸ በደረጃ ነው የወጣሁት።

እትዬ በድሪያ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ከልጃቸው ከሸምሰዲንና ከልጆቹ ጋር ይኖሩ ነበር። ደሴ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ገበያ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ባንኮኒው ሥር የደበቁትን የፍቅር ልብ ወለድ እያወጡ ሲያነቡ እንደኖሩ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ቶሮንቶ ከመጡ በኋላ ግን ዓይናቸው ታመመ። የሚያዩት ነገር መሀሉ ይጠፋባቸዋል፤ የሚታያቸው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ማየት ሲፈልጉ ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞራሉ። የማያውቃቸው ሰው ያኮረፉት ይመስለዋል።

የተዋወቅነው ሊፍት ውስጥ ነው። በእጄ የአማርኛ መጽሐፍ መያዜን በጎን አይተው፣ «ምን መጽሐፍ ነው? ፍቅር አለበት?» አሉኝ።

«ትንሽ አለበት።»

«ትንሽማ በሁሉም ቤት አለ። ብዙ ያለበት አምጪልኝ።»

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው። ቤቴ ውስጥ ግን አንድ ካርቶን ሙሉ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። የማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ባሌ እንደሞተ ያውቃሉ፤ ሕንፃው ውስጥ ያለው ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ያለፈ ነገር ከአፌ የሰማ ሰው አልነበረም። ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ወሬው እዚያው ያልቃል።

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ እያነበብኩላቸው አንድ ዓመት አለፈ። እትዬ በድሪያ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው አይደሉም። በየገጹ ያቋርጡኛል።

«ቆይ፣ ቆይ። እነዚህ ልጆች የሚበሉት መቼ ነው?»

«አሁን እኮ ፍቅር ላይ ናቸው፣ እትዬ በድሪያ።»

«እኔም ፍቅር ላይ ነበርኩ። በቀን ሦስቴ በልቼ ነው ያፈቀርኩት።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ይቺ ልጅ አማት የላትም? አማት የሌለበት ትዳር ጽፎ ደራሲ ነኝ ይላል!» ይሉኛል። ዝናብ የሚዘንብበት ገጽ ሲመጣ፣ «በይ እንግዲህ፣ ሊሳሳሙ ነው» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም።

የራሴንም መጻሕፍት ሞክሬላቸዋለሁ። አንድ ጡረታ የወጣ ባለሥልጣን የጻፈውን የሕይወት ታሪክ ሳነብላቸው እስከ አራተኛው ምዕራፍ ታገሡ። «እኚህ ሰውዬ በሕይወታቸው አንድ ቀን አልተሳሳቱም?» ብለው አስቆሙኝ። ስለ ስኬት የሚመክረውን መጽሐፍ ግን ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው የሸኙት። «ጠዋት ተነስተህ ውኃ ጠጣ ለማለት ማተሚያ ቤት ይኬዳል?» እኔም በልቤ የማስበው እንደዚያው ነበር፤ መጽሐፉን የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ ነው ዝም ያልኩት።

በመጨረሻ የያዝነው ልብ ወለድ ሽፋኑ ተገንጥሎ የጠፋ ነው። ኤፍራታ የምትባል አስተማሪና ዘርይሁን የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው ሰዎቹ። ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ዝናብ ይዘንባል። ከካርቶኑ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተሻለ አይደለም። እትዬ በድሪያ ግን ዘርይሁንን እንደ ልጃቸው ወደዱት፤ ይበላል እኮ። ደራሲው በየምዕራፉ አንድ ምግብ ቤት አስገብቶታል።

ሸምሰዲን ሩቅ ከተማ፣ ኤድመንተን፣ ሥራ ስላገኘ እናቱን ይዞ ሊሄድ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት መጽሐፉን ልንጨርስ ተስማምተን ነበር። ያ ቅዳሜ የመጨረሻው ነበር።

ችግሩ የተፈጠረው ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ዘርይሁን መኪናው ተገልብጦ ሆስፒታል ገብቷል። ለኤፍራታ በጠዋት ስልክ ይደወልላታል። እኔ መጽሐፉን ከዚያ በፊት አንብቤው አላውቅም። ስልኩ ጮኸ የሚለውን ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ ቀጣዩን መስመር አየ። አፌ ግን «ዶክተሩ፣ ባለቤትሽ ነቅቷል አላት» አለ።

እትዬ በድሪያ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። እኔም መጽሐፉን ዘግቼ፣ ላውንድሪ አለብኝ ብዬ ወረድኩ።

አሁን እንግዲህ የሞተውን ሰው ይዤ ሦስት ምዕራፍ መግፋት ነበረብኝ። መጽሐፉ ድንኳን ተተከለ ይላል። ድንኳን ከተተከለ ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ልቅሶውን ክርስትና አደረግኩት። ባልና ሚስቱ ልጅ ስላልነበራቸው የጎረቤት ሕፃን አስነሳሁ። ጎረቤት ምግብ ይዞ መጣ የሚለው አላስቸገረኝም። «እግዜር ያጥናሽ» የሚለውን «እግዜር ያሳድገው» አልኩት። እየተመቸኝ ሄደ መሰለኝ፣ ፈጠን ብዬ «ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠዋል» ብዬ አነበብኩ።

«ቁሚ» አሉ እትዬ በድሪያ።

ቆምኩ።

«ነጠላቸውን ምን አድርገው?»

መጽሐፉን አየሁት።

«እኔ ደሴ ስኖር ግራና ቀኝ ጎረቤቶቼ ክርስቲያኖች ነበሩ። ክርስትናቸውም ልቅሷቸውም ላይ ተቀምጫለሁ። ክርስትና ላይ ነጠላ የሚያዘቅዝቁት የት አገር ነው?» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እያዩኝ ነው ማለት ነው። በስሜ ጠሩኝ። «ሰገነት፣ ዘርይሁን ሞቷል አይደል?»

«ሞቷል።»

«መቼ?»

«ባለፈው ቅዳሜ።»

«ያ ረቢ! እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስለ መዳኑ ሳመሰግን ከረምኩ! ለሸምሰዲንም፣ መንገድ ላይ ተጠንቀቅ፣ ዘርይሁን እንኳ ለጥቂት ነው የተረፈው ብዬዋለሁ።»

ሳቄ መጣና መለስኩት። ከሳቁ ጋር ሌላ ነገር እንዳይመጣ ፈራሁ።

«በይ የተጻፈውን አንቢልኝ» አሉ።

«ይቅርብን፣ እትዬ በድሪያ። ሌላ አጠር ያለ ላምጣልዎት።»

«አይቀርም። ዓርብ እሄዳለሁ። የሞተ ሰው በሕይወት አለ እያልኩ ኤድመንተን አልገባም። አንቺ ካላነበብሽልኝ ማን ያነብልኛል? የልጅ ልጆቼ አማርኛውን እንኳ ለሰላምታ ነው የሚያውቁት።»

ከዚያ አንድ ነገር አደረጉ። ከመስኮቱ ፊታቸውን መለሱና በቀጥታ፣ ፊት ለፊት አዩኝ። እሳቸው ፊት ለፊት ያለውን ነገር እንደማያዩ ሁለታችንም እናውቃለን። እንደዚያ ሆነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

ስልኩ ወደሚጮህበት ገጽ ተመልሼ አነበብኩ። ሞቱን አነበብኩ። ድንኳኑን፣ ነጠላውን፣ ሁሉንም እንደተጻፈ አነበብኩ። ድምፄ ሁለት ቦታ ላይ ጠፋብኝ፤ እስኪመለስ ጠበቅኩት። እትዬ በድሪያ አላቋረጡኝም፤ ፊታቸውንም አላዞሩም። ልቅሶው ሲያበቃ ድንኳን አከራዮቹ መጥተው ወንበሮቹን ይቆጥራሉ። አንዱ ለኤፍራታ «ሁሉም አለ፣ ምንም አልጎደለም» ብሏት ይሄዳል። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ከታች ባቡሩ አለፈ።

«ሰውየውን የገደለው መጨረሻ ቢጠፋው ነው» አሉ እትዬ በድሪያ። «ማጣላትና ማስታረቅ ሰልችቶት መኪናውን ገለበጠው። ደካማ ደራሲ ነው። ወንበሩን ግን ከራሱ አልፈጠረውም። ይኼ ሰው ቀብሯል።»

«እኔም እንደዚያ መሰለኝ» አልኩ። ከዚያ ሳላስበው፣ «መጻሕፍቱ የሙሉነህ ናቸው» አልኩ። የባሌን ስም እዚያ ቤት ውስጥ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው።

«የትኞቹ?»

«ካርቶኑ ሙሉ። አውቶብስ ነበር የሚነዳው። መጨረሻው ፌርማታ ላይ እረፍት ሲያገኝ መሪው ላይ ዘርግቶ ያነባቸዋል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ሻንጣህ ውስጥ ቦታ ካለህ ይል ነበር።»

«ወይ ጉድ!» ፊታቸውን አሁን ወደ ጎን አዞሩ። «እኔ እኮ ያንቺ መስለውኝ ነው! ይቺ ልጅ ላይ ላዩን ኮስተር ብላ፣ ውስጧ ግን ሌላ ነው እያልኩ ነበር።»

ያኔ ሳቅኩ። ዕንባዬም መጣ፤ አልጠረግኩትም።

«ሲያነብ ምን ትዪው ነበር?»

«ጊዜህን ታባክናለህ።»

«እሱስ?»

«አንቺ የሞቱ ነገሥታት ታነቢያለሽ፣ እኔ በሕይወት ያሉ ሾፌሮች ይለኝ ነበር።»

«ጎበዝ!» አሉ። ተነስተው ከፔርሙዙ ሻይ ቀዱልኝ፤ ብርጭቆውን በጣታቸው ለክተው፣ ጠብታ ሳያፈሱ። «በይ ቀጥይ። ሁለት ምዕራፍ ይቀረናል።»

እስከ ቀትሩ ሶላት፣ እስከ ዙህር፣ ጨረስነው። መጨረሻው መጥፎ ነበር፤ ኤፍራታ ዝናብ ላይ ሌላ ሰው አገኘች። እትዬ በድሪያ «ነገርኩሽ» አሉ። ዓርብ ዕለት ሸምሰዲን ሻንጣዎቹን ሲጭን አብሬ ወረድኩ። እቅፍ አድርገውኝ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ብዙ ጊዜ ቆዩ። ለአላፊ አግዳሚው መንገዱን የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

አመሰግናቸዋለሁ። ሙሉነህንም፣ ስለዚያ ደካማ ምርጫው፣ አመሰግነዋለሁ። ካርቶኑ እስከዚያ ድረስ አልጋዬ ሥር ነበር፤ አሁን መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ከታሪክ መጻሕፍቴ አጠገብ ናቸው። ስለ እሱ ለሚጠይቀኝ ሰውም ከ«ደህና ነኝ» ሌላ አንድ ሁለት ነገር እላለሁ።

ከእትዬ በድሪያ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዋወላለን። በስልክ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይሰማሉ። በስልክ ግን ጨዋ ናቸው። መስመሩ እንዳይቋረጥ እየፈሩ እስከ መጨረሻው ዝም ይላሉ፤ ሲያልቅም «አላህ ይስጥሽ» ብለው ይዘጋሉ። መጽሐፉ አለ፣ ሻዩ አለ፣ ቅዳሜውም አለ። የሚያቋርጠኝ ሰው የለም።